ሳይቸኩሉ ዴዝ ሜታል

በቴክኒካል ዴዝ ሜታል (በጉሮሮ ጩኸትና በአስቸጋሪ አጨዋወት በሚታወቀው ከባድ ሮክ) ሰፈር «ባንዱ አደገ» ሲባል ብዙ ጊዜ ነገሩ የቁጥር ጉዳይ ነው። ድራመሩ ካለፈው አልበም ይበልጥ ፈጠነ። ጊታሪስቱ በአንዲት ሰከንድ የሚያጭቀው ኖታ ጨመረ። ቤዚስቱ አራት ክር አልበቃው ብሎ ስድስት ክር ያዘ። ዘፈኖቹ ግን ያው ናቸው። ፍጥነትን እየናቅኩ አይደለም፤ የካናዳዎቹ አርክስፓየሮች ሲጋልቡ ስሰማ እኔም አፌን ከፍቼ ነው የምቀረው። ግን አንዱን ፈጣን ባንድ ጨርሳችሁ ሌላው ላይ፣ ከዚያም ሌላው ላይ ስትደርሱ ጆሮ ይለምዳል። ያ ሁሉ ሩጫ የቆመ መምሰል ይጀምራል።

ብለድ ኢንካንቴሽን የሚባሉት የዴዝ ሜታል ልጆች «አብሶሉት ኤልስዌር» የተባለውን አልበማቸውን በኦክቶበር 2024 ሲያወጡ ያን ያህል ጫጫታ የተነሳው ለዚህ ይመስለኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የኔ ክርክር አጭር ነው። እነዚህ ልጆች ትልቅ የሆኑት መጠበቅ ሲችሉበት ነው። መጠበቅን ያስተማራቸው ደግሞ ግማሹ አድማጭ ሙልጭ አድርጎ የሰደበው ያ የሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ) አልበም ነው።

ለማያውቃቸው በአጭሩ። ባንዱ የተመሠረተው በ2011 ሲሆን ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ ነው። አራት ናቸው። ፖል ሪድል ይጮኻል፣ ጊታርም ይመታል። ሞሪስ ኮሎንቲርስኪ ሁለተኛው ጊታር ነው። ድራሙ ላይ አይዛክ ፎክ፣ ቤዙ ላይ ጄፍ ባሬት። የባሬት ቤዝ ፍሬት (አንገቱ ላይ ኖታዎቹን የሚለየው ብረት) የለውም፤ ጣቱ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲሄድ ድምፁ ይንሸራተታል፣ እንደ ሰው ጉሮሮ ያቃስታል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ሙሉ አልበማቸው «ስታርስፖን» በ2016 ወጣ። ገና ሲከፈት አሥራ ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ነው የሚቀበላችሁ፣ ስለዚህ ረጅም ነገር የመሥራት ፍላጎቱ ከጥንትም ነበራቸው። በ2019 «ሂደን ሂስትሪ ኦፍ ዘ ሂዩማን ሬስ» መጣ፤ የሸክላው ሁለተኛ ገጽ ሙሉውን በአንድ የአሥራ ስምንት ደቂቃ ዘፈን የተያዘ። አልበሙን እወደዋለሁ። ግን አሁን መለስ ብዬ ስሰማው አንድ ነገር ይታየኛል። ጸጥ ያሉት ቦታዎች እረፍት ናቸው። ድራሙ ይቆማል፣ ትንሽ የሕዋ ጭጋግ ይመጣል፣ ከዚያ ሪፉ፣ ያ የሚደጋገመው የጊታር ሐረግ፣ ይመለሳል። ጭጋጉ ያምራል፣ ግን ብታወጡት ዘፈኑ አይፈርስም።

ከዚያ በ2022 «ታይምዌቭ ዜሮ» ወጣ፣ ጉድ ፈላ። ጩኸት የለ፣ ብላስት ቢት (ያ እንደ መትረየስ የሚወርደው የድራም ምት) የለ፣ ሪፍ የለ። አራቱም ሰውዬዎች ሲንተሳይዘር ላይ ተቀምጠው «ኢዮ» እና «ኢያ» የተባሉ፣ እያንዳንዳቸው ሃያ ደቂቃ ገደማ የሚሄዱ ሁለት ሥራዎች ሠርተዋል። ያኔ የተባለው ተባለ። «ተሸጡ» ያለም ነበር፣ ይቺ በጣም ነው የምታስቀኝ፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ የሚያንጎራጉር ሲንተሳይዘር ለማን ነው የሚሸጠው? በ2023 ደግሞ ሁለት ዘፈን ብቻ የያዘ «ሉሚነሰንት ብሪጅ» የሚል ሥራ ለቀቁ፣ አንዱ ሜታል፣ አንዱ ያለ ሜታል። ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ገና አልተዋሃዱም።

እንግዲህ አዲሱ አልበም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

«አብሶሉት ኤልስዌር» ሁለት ሥራ ብቻ አለው፣ «ዘ ስታርጌት» እና «ዘ መሴጅ»። ሁለቱም ከሃያ ደቂቃ በላይ ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም ሦስት ሦስት ክፍል አላቸው፣ ክፍሎቹንም «ታብሌት» ይሏቸዋል። ስሙን የወሰዱት በ1970ዎቹ ከነበረ የእንግሊዝ ፕሮግ ሮክ (ረጃጅምና ውስብስብ ዘፈን የሚወድ የሮክ ዓይነት) ባንድ ነው። ያ ባንድ በ1976 ያወጣው አልበም ኤሪክ ፎን ዴኒከን ስለ ጥንታዊ የሕዋ እንግዶች ከጻፋቸው ነገሮች የተነሳ ነበር፤ ድራሙን የመታው ዬስና ኪንግ ክሪምሰን በሚባሉት የፕሮግ ሮክ ባንዶች የሚታወቀው ቢል ብሩፎርድ ነው። እና እነ ሪድል ስሙን ሲመርጡ ሁለቱንም አብረው እየወሰዱ ነው፣ የሕዋ እንግዳውንም፣ የፕሮግ ሮኩንም። ስለ ጥንታዊ እንግዶች የሚሉትን አምናለሁ ወይ? አላምንም። ለሙዚቃው ግን ጥሩ ነዳጅ ነው።

«ስታርጌት»ን ክፈቱት። ድራሙና ጊታሩ ብዙም ሳያስጠብቁ ይገባሉ፣ ስኔር፣ ኪክና ሲምባል ተደራርበው፣ ሪድል ከጉድጓድ ውስጥ እየጮኸ። ያው የምናውቃቸው ናቸው ብላችሁ ስትዘጋጁ፣ ሁለተኛዋ ደቂቃ አካባቢ ወለሉ ይከዳችኋል። ድራሙ ዘና ይላል። ጊታሩ ዲስቶርሽኑን (ያን ሻካራ ድምፅ) አውልቆ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ሲንተሳይዘሩ ከኋላ ይሰፋል፣ ቤዙ ከታች እየተንሸራተተ መንገድ ይመራል። ይኸው የባሬት ፍሬት አልባ ቤዝ። በፊት በድራሙ ጎርፍ ውስጥ አንገቱን ብቻ ብቅ ሲያደርግ የነበረው መሣሪያ እዚህ ላይ ቦታ ተሰጥቶት ይዘፍናል። ከዚያ የጊታር ሶሎ ይመጣል፣ የማይቸኩል ሶሎ። ኖታዎቹ ጥቂት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ግን እስኪያልቁ ይጠበቃሉ።

እኔን የያዘኝ መገጣጠሚያው ነው። በድሮው ሥራቸው ወደ ጸጥታው ሲገቡ በር ሲዘጋ ትሰማላችሁ፣ ሲወጡ ደግሞ በር ሲከፈት። እዚህ በር የለም። አይዛክ ፎክ በብላስት ቢቱ ውስጥ ሲመታው የነበረውን ስሜት ቀስ ወዳለው ክፍል ይዞት ይገባል፣ ክብደቱን ይቀንሳል እንጂ ዱካውን አይለውጥም። በተለይ ከጸጥታው ወደ ሜታሉ ሲመለሱ ስሙት፤ ሪፉ ከመድረሱ በፊት ድራሙ ላይ ትንሽ መጥበቅ አለች። ያቺን መጥበቅ በፍጥነት ልምምድ አታገኟትም። ለሃያ ደቂቃ ምንም ሳይመቱ ሲንተሳይዘር ላይ ተቀምጠው የአንድ ድምፅ ቀለም ቀስ እያለ ሲለወጥ ካዳመጡ ሰዎች ነው የምትመጣው።

የተቀረጸው በርሊን ውስጥ በሃንሳ ስቱዲዮ ነው፣ ዴቪድ ቦዊ በ1977 «ሂሮስ»ን በሠራበት ቤት። ፕሮዲውሰሩ አርተር ሪዝክ ነው። የዘመኑ ቴክኒካል ዴዝ ሜታል ብዙ ጊዜ ድራሙን እንደ ታይፕራይተር ነው የሚያሰማችሁ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ እያንዳንዱ ምት በኮምፒውተር ተስተካክሎ። እዚህ ድራሙ ቆዳና እንጨት ነው። ክፍሉ ይሰማል። ጸጥ ሲሉም ያ አየር አብሮ ስለሚቆይ ባዶነት አይሰማችሁም፣ እና ለእንዲህ ዓይነት አልበም ይህ የግድ ነበር።

የ«ስታርጌት» ሁለተኛ ክፍል ላይ እንግዳ አለ፣ ቶርስተን ክዌሽኒንግ። የታንጀሪን ድሪም መሪ ነው። ታንጀሪን ድሪምን ኤድጋር ፍሮዘ በ1967 ምዕራብ በርሊን ውስጥ የመሠረተው፣ ሲኩዌንሰር የሚባለውን መሣሪያ የሙዚቃ ዋና ምሰሶ ያደረገ ባንድ ነው። ሲኩዌንሰር ማለት ጥቂት ኖታዎችን እየደጋገመ የሚያዞር ነገር ነው፤ ኖታዎቹ እዚያው ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይወፍራል። ፍሮዘ በ2015 ሲሞት ባንዱን ይዞ የቀጠለው ይኸው ክዌሽኒንግ ነው። ሌላ ባንድ ቢሆን እንዲህ ያለውን ሰው ጋብዞ የአንድ ደቂቃ መግቢያ ያስመታውና ስሙን ሽፋኑ ላይ ይለጥፍ ነበር። እነዚህ ግን ክፍሉን በሱ ዓለም ውስጥ ነው የሠሩት። ክፍሉን ብታወጡት «ስታርጌት» ይፈርሳል። በቃ፣ ለኔ እድገት ማለት ይሄ ነው።

ለነገሩ ሲንተሳይዘር በዴዝ ሜታል አዲስ አይደለም፣ ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። የፍሎሪዳዎቹ ኖክተርነሶች በ1990 «ዘ ኪ»ን ሲያወጡ ቋሚ ኪቦርዲስት ነበራቸው። በ1991 የቸክ ሹልዲነር ባንድ ዴዝ «ሂዩማን»ን ሲያወጣ ሲኒክ ከሚባል ባንድ የመጡት ፖል ማስቪዳልና ሾን ራይነርት አብረውት ነበሩ፤ እዚያ አልበም ላይ ያለ ቃል የሚሄደው «ኮስሚክ ሲ» ሕዋ ላይ የሚንሳፈፍ መሃል አለው። ከዚያ ሲኒክ ራሱ በ1993 «ፎከስ»ን አወጣ፤ በዘመኑ ብዙ ሜታል ወዳጅ ያልዋጠለት፣ ዛሬ ሁሉም የሚምልበት። እና ብለድ ኢንካንቴሽኖች ይህን በር የከፈቱት እነሱ ናቸው የሚለውን አልቀበልም። በሩ ከሠላሳ ዓመት በፊት ተከፍቷል። እነሱ ገብተው ቤቱን ኖሩበት።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። «ዘ መሴጅ» ከ«ስታርጌት» ያንሳል። ብዙ ሳይሆን ትንሽ፣ ግን ያንሳል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሪድል ጩኸቱን ትቶ በንጹህ ድምፅ ይዘፍናል፣ ሙዚቃው ደግሞ የ1970ዎቹ ፒንክ ፍሎይድ ነው። ፒንክ ፍሎይድን ይመስላል አላልኩም፤ ነው ነው ያልኩት። ታንጀሪን ድሪምን ሲነኩ የራሳቸው አድርገውት ነበር፣ እዚህ ላይ ግን እጃቸውን ታጥበው፣ ጫማቸውን አውልቀው ነው የገቡት። አክብሮት በዝቷል። የሪድል ንጹህ ድምፅም ገና ነው፣ ደስ ይላል ግን ብቻውን ዘፈን አይሸከምም። አንድ ጓደኛዬ «የአልበሙ ምርጥ ቦታ እሱ ነው» ብሎ ይሟገተኛል፣ ይሟገት።

ሦስተኛው ክፍል ግን ይክሳል። ከስድስቱ ረጅሙ እሱ ነው፣ አልበሙ ላይ ያለው ሁሉ እየተመላለሰ ይገናኝበታል። የድሮ ደጋፊዎች «ክብደታቸው የት ሄደ» ሲሉ እዚህ ክፍል ድረስ አልሰሙም ማለት ነው። ሪፎቹ «ስታርስፖን» ላይ ካሉት አይቀሉም። ልዩነቱ ከባድ ሆነው የሚሰሙት ከየት እንደመጣችሁ ስለምታውቁ ነው። አሥር ደቂቃ ሙሉ ከባድ የሆነ ነገር ከጊዜ በኋላ የሚመዘንበት ያጣል።

አብዛኛው ሰው ይህን አልበም «ሜታልና ፕሮግ ሮክ ተቀላቀሉ» ብሎ ነው የሚገልጸው። መቀላቀሉንማ ማንም ይቀላቅላል። ሲንተሳይዘር ተገዝቶ፣ መግቢያ ላይ ሁለት ደቂቃ ተነፍቶ፣ ወደ ብላስት ቢት መግባት ቀላል ነው፣ በየወሩ የሚወጣው አልበም ግማሹ እንዲያ ነው። እነዚህ ያደረጉት መጀመሪያ ሲንተሳይዘሩን ለብቻው እስኪችሉት ድረስ መጫወት ነው፣ ስድቡን ችለው፣ ደጋፊ ሊያጡ እንደሚችሉ እያወቁ። እውነት ለመናገር ሌላ ባንድ እንዲህ ሲያደርግ ብዙ አላየሁም። የሚፈልጉትን ነገር ለብቻው ተምረው ነው ወደ ቤት ያመጡት።

ለመስማት ካሰባችሁ፣ ጩኸት የማይሆንላችሁ ከ«ስታርጌት» ሁለተኛ ክፍል ጀምሩ። ሲንተሳይዘር የሚያስጠላችሁ ደግሞ ከ«መሴጅ» የመጀመሪያ ክፍል፣ እዚያ ሪፍ ሞልቷል። ከዚያ ግን ሁለቱንም ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትቆራርጡ ስሙ፣ በስልክ ስፒከርም አይሁን፤ ያን ቤዝ ካልሰማችሁት ግማሹ አመለጣችሁ። «ታይምዌቭ ዜሮ»ን የሰደባችሁም እሱን እንደገና ክፈቱት። «ኢዮ»ን አስቀድሙ፣ እና አሁንም ካልጣማችሁ ስድባችሁን ቀጥሉ።