ከራስ ሥር የገባው ጋቢ

በአዳማ በነርስነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት፣ በጅቡቲ መስመር በደረሰ የመኪና አደጋ ጭንቅላታቸው የተጎዳ ብዙ ሰዎችን አስታምሜአለሁ። ከሁሉም የማልረሳው አንድ ወጣት ነው፤ እናቱ ጋቢያቸውን አራት ቦታ አጥፈው ከራሱ ሥር አስገብተውለት፣ አገጩ ደረቱን ሊነካ ደርሶ ነበር። «እማማ፣ ይህን እናውጣው» ስላቸው፣ «ልጄ፣ እንዲህ ትራስ ሳይኖረው ይተኛልኝ?» አሉኝ።

የራስ ቅል የማይለጠጥ አጥንት ስለሆነ፣ በውስጡ ያለው አንጎል ሲያብጥ ወይም ደም ሲቋጠር ግፊቱ ይጨምራል። በአዋቂ ሰው ጤናማው ግፊት ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ደም ከጭንቅላት የሚወርደው በአንገት ደም መላሾች በኩል በመሆኑ፣ አንገት ሲታጠፍ ወይም ሲጠማዘዝ ደሙ መውጫ ያጣል፤ ግፊቱም ይብሳል። ራስጌውን 30 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርገን አንገቱን ቀጥ የምናደርገው፣ የመተንፈሻ ቱቦው ማሰሪያም አንገቱን እንዳያንቀው የምንፈትሸው ለዚህ ነው። የአከርካሪ ጉዳት ከተጠረጠረ ግን ወገቡ ሳይታጠፍ አልጋው በሙሉ ይዘነበላል።

ሥራ ስጀምር ተረኛዋ ከመግባቷ በፊት ለመጨረስ ስል ማጠቡን፣ ማገላበጡንና ሳክሽኑን (አክታውን በቱቦ መምጠጡን) አከታትዬ እሠራ ነበር። ስህተት ነበር፤ እያንዳንዱ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርግ በመሃል ማሳረፍ ያስፈልጋል። ሳክሽንም አስቀድሞ ኦክስጅን ተሰጥቶ፣ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል። ትኩሳትም ያባብሳል፤ በአዳማ ሙቀት «ነፋስ ይመታዋል» ተብሎ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ በሽተኛ ሳገኝ መጀመሪያ የምገልጠው እሱን ነው።

ማኒቶል፣ ማለትም ከአንጎል ውሃ ስቦ በሽንት የሚያስወጣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ ሲታዘዝ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቼ እንደ ጨው ፍሬ መሥራት አለመሥራቱን አያለሁ፤ ሽንቱንም በየሰዓቱ እለካለሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ንቃቱን መከታተል ነው። የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ፣ የልብ ምቱ ዘግይቶ፣ አተነፋፈሱ ሲዛባ ጊዜው አልፏል ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ሰውየው ይደነዝዛል፣ ንቃትን በነጥብ በሚለካው የግላስጎው ኮማ መለኪያ ነጥቡ ይወርዳል፣ አንደኛው የዓይን ብሌን ይሰፋል። ነጥቡ በ2 ሲወርድ ሐኪም ሳልጠራ ከአልጋው አልርቅም።

ይህን በቀላል ቃል ሳስረዳቸው እናቲቱ ጋቢውን አውጥተው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ሌሊቱን ሙሉ ራሱ ወደ ጎን ባዘነበለ ቁጥር «ሲስተር፣ ዞረብኝ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ አብረን እናቀናዋለን። ንጋት ላይ ሳስረክብ የአንገቱን አቀማመጥ የሚጠብቁት እናቱ መሆናቸውን ለተረኛዋ ነገርኳት።