አንድ ንጉሥ፣ አራት ምንጭ፦ በታሪክ ትምህርቴ እስካሁን የደረስኩበት

ዘንድሮ የታሪክ መምህራችን የጥንት ሥልጣኔዎችን በቀጥታ ከመጀመሪያ ደረጃ ምንጮች፣ ማለትም በዘመኑ የነበሩት ሰዎች ራሳቸው ከተዉት፣ እንድናጠና አድርገውናል። መጀመሪያ ላይ ከሱመርም፣ ከግሪክም፣ ከሮምም ቁንጽል ቁንጽል ጽሑፍ እያነሣን እናነብ ነበር። እንደዚያ ሲሆን ብዙ ይነበባል፣ የሚያዘው ግን ጥቂት ነው። ትምህርቱ የጣመኝ አንድ ንጉሥ ይዤ በሱ ዘመን የተጻፈውን ሁሉ ጎን ለጎን ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ነው። የመረጥኩት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1186 እስከ 1155 ገደማ ግብፅን የገዛውን ራምሴስ ሣልሳዊን ነው።

የጀመርኩት ግብፅ ውስጥ ሜዲኔት ሀቡ በሚባል ቦታ ከሚገኘው ቤተ መቅደሱ የግድግዳ ቅርጽ ነው። ንጉሡ ከሁሉም በላይ ገዝፎ ቀስቱን ወጥሯል፤ የባሕር ሕዝቦች የሚባሉት ወራሪዎች መርከባቸው ተገልብጦ እርስ በርስ ተደራርበው ይሰምጣሉ። ከግብፅ ወገን የተሸነፈ የለም። ይህን ያስቀረጸው ንጉሡ ራሱ ስለሆነ ስለ ድሉ መጠን የሚለውን እንዳለ አልቀበለውም። ግን ጉራ አለበት ተብሎ የሚጣል ምንጭ አይደለም። ቀራጮቹ የአንዱን ቀንድ ያለው የራስ ቁር፣ የሌላውን ላባ የመሰለ የራስ ጌጥ፣ የመርከቦቹን ቅርጽ ለይተው አስቀምጠውልናል። እዚህ ላይ የሚዋሹበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው ከሁሉም የወደድኩት ነው፤ ዛሬ ጣሊያን፣ ቱሪን ሙዚየም የሚገኘው የአድማው ፓፒረስ (ፓፒረስ የጥንት ግብፃውያን ከደንገል የሚሠሩት መጻፊያ ነው)። ዴር ኤል መዲና በሚባል መንደር የሚኖሩት፣ በነገሥታት ሸለቆ መቃብር የሚፈለፍሉት ሠራተኞች ደመወዛቸው እህል ነበር፤ ስንዴና ገብስ። ንጉሡ በነገሠ በ29ኛው ዓመት ቀለቡ ዘገየ። ወሩ ከገባ 18 ቀን ሲሞላው ሠራተኞቹ «ርቦናል» እያሉ ጥበቃውን አልፈው ወጡና ከአንድ ቤተ መቅደስ ጀርባ ተቀመጡ። ረኀብና ጥም እንዳመጣቸው፣ ልብስ፣ ቅባት፣ ዓሣና አትክልት እንዳጡ ተናገሩ፤ ይህም ለፈርዖን ይጻፍልን አሉ። በጽሑፍ ከሚታወቁት የሥራ ማቆም አድማዎች የመጀመሪያው ይህ ነው። የመዘገበው ሰው ለትውልድ ላስተላልፍ ብሎ አልጻፈም፤ የዕለት ሥራውን ነው የሠራው። ለኔ ክብደት የሚሰጠውም ይኸው ነው።

ከዚያ ቀጥዬ ታላቁን የሃሪስ ፓፒረስ አነበብኩ። ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው፤ ርዝመቱ 41 ሜትር ያህላል። ንጉሡ ለቤተ መቅደሶች የሰጠውን መሬት፣ ከብትና እህል ይዘረዝራል፤ መጨረሻው ላይ አገሩን እንዴት እንዳስተዳደረ፣ ዛፍ አስተክሎ ሕዝቡን ከጥላው እንዳስቀመጠ፣ ሴት ልጅ ወደ ፈለገችበት ያለ ስጋት እንድትሄድ እንዳደረገ ራሱ ይናገራል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የተዘጋጀው ከሞተ በኋላ፣ በልጁ በራምሴስ አራተኛ ዘመን ነው። ዙፋኑን የወረሰው ልጅ በአባቱ አንደበት እያናገረ ነው ማለት ነው። የአድማውን ፓፒረስ ሳላነብ ይህን ብቻ ባነብ ኖሮ የነዚያን ሠራተኞች ረኀብ በምን አውቀው ነበር?

አራተኛው የችሎት መዝገብ ነው፤ እሱም ቱሪን ይገኛል። ከንጉሡ ሚስቶች አንዷ የሆነችው ቲዬ ልጇን ፔንታዌሬን ለማንገሥ ከቤተ መንግሥት ሰዎች ጋር አሢራ ነበር። መዝገቡ ተከሳሾቹን በየተራ እየጠራ ቅጣታቸውን ይናገራል። ከዳኞቹ መካከል እንኳ ከተከሰሱት ሴቶች ጋር ሲጠጡ ተገኝተው ጆሯቸውንና አፍንጫቸውን የተቆረጡ አሉ። ንጉሡ በሴራው ይሙት አይሙት ግን መዝገቡ በግልጽ አይናገርም። ይህ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የሲቲ ስካን ምርመራ በሙሚው፣ ማለትም እንዳይበሰብስ ተደርጎ በቆየው አስከሬኑ፣ ጉሮሮ ላይ እስከ አጥንቱ የዘለቀ የስለት ቁስል አሳየ። ጽሑፍ ዝም ያለበትን አስከሬን መሰከረ። እኔም ከዚያ ወዲህ ምንጭ ስል ጽሑፍ ብቻ ማለቴ አይደለም።

አሁን ለእያንዳንዱ ምንጭ በደብተሬ አንድ ገጽ እሰጣለሁ። ማን አስጻፈው፣ ማን እንዲያየው፣ የትኛው ክፍል ተቀዶ ጠፍቷል የሚለውን ከላይ አሰፍራለሁ። ከታች ሌላው ምንጭ ስለዚያው ጉዳይ የሚለውን እጽፋለሁ፤ ምንም ካላለም «ዝም ብሏል» ብዬ አስቀምጣለሁ። ዋናው ፍሬ የሚገኘው ከዚህ ከታችኛው ክፍል ነው።

ቀጥሎ የምይዘው ግብፃውያንና ኬጢያውያን የተዋጉበትን የቃዴሽን ጦርነት ነው። ራምሴስ ሁለተኛ በቤተ መቅደሶቹ ግድግዳ ድሉን አስቀርጿል፤ ኬጢያውያኑ ደግሞ ከዋና ከተማቸው ከሐቱሳ በተገኙት የሸክላ ጽላቶች የራሳቸውን ይናገራሉ። በኋላ የተዋዋሉት የሰላም ስምምነትም ከሁለቱም ወገን ተርፎልናል። አብሮኝ ማንበብ የሚፈልግ ካለ አንዱን ወገን እሱ ይያዝ፣ ሌላውን እኔ እይዛለሁ፤ ከዚያ ገጾቻችንን እናስተያይ።