ከቢሮ ኮሪደር ወደ ረከቦት ዳር

ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነበርኩ። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ። እንግዳ ጠፋ፣ ሥራው ቆመ። ይህን አላራዝመውም፤ ፒያሳ ካሉት ሻይ ቤቶች አንዱ ጋ ብትቀመጡ ተመሳሳይ ታሪክ የሚያወራችሁ አታጡም። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር እወድ ነበር።

ወጪ ቀነስኩ። ቤት ቀየርኩ። ካሜራዬን ሸጥኩ። ይሄ ሁሉ ቀላል ነበር። የገደለኝ ብድር ለማግኘት መመላለሱ ነው።

ከጓደኞቼ ጋር ተደራጅተን ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ልንከፍት አሰብን። ቃለ ጉባኤ ጻፍን፣ የሥራ ዕቅድ አዘጋጀን፣ ጉርድ ፎቶ ተነሳን። የእኔ የሥራ አጥነት ማስረጃ ብቻ ቀረ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስሜን አየችና «አንተ እኮ አስጎብኚ ነህ። ሥራ አለህ» አለችኝ።

«እንግዳ የለም እኮ፣ እህቴ።»

«እሱ እኛን አይመለከትም። ባጅህን መልስና ና።»

ባጁን ወደ ሰጠኝ ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ «አሮጌ ባጅ የምንቀበለው ሲታደስ ነው» አሉኝ። ማደስ የማልፈልግ ከሆነስ? «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» ዛሬ ሂድ፣ ነገ ና ተጀመረ። ኃላፊው ሲገኙ ማህተም የያዘችው የለችም። እሷ ስትገኝ መብራት የለም። ለዶሴው ያስኮፒኩት ወረቀት ብቻውን አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ያቋቁም ነበር!

እንደምንም ማስረጃው ወጣ። ይዤ ስሮጥ፣ የምንሠራበት ሼድ ለሌላ ቡድን ተሰጥቷል፤ በጀቱም ተዘግቷል። ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል «በሚቀጥለው ዓመት ሞክሩ» አለች። ያን «ሞክሩ» ሳስታውስ እስከ ዛሬ ጥርሴን አፋጫለሁ።

ከብድሩ ይልቅ የሚቆጨኝ ግን ጠዋቶቼ ናቸው። ሁሉንም ያ ኮሪደር በላቸው። ጎረቤት ቡና ሲጠራኝ «ጉዳዬ ይለቅ» ነበር መልሴ።

ሥልጠና ላይ «ተስፋ አትቁረጡ፣ በየቀኑ ተከታተሉ» ይሉናል። አልስማማም። ከአንድ ቢሮ ተስፋ መቁረጥ ጤና ነው። የግድ ከሆነ ማክሰኞ ብቻ ሂዱ፤ ሰኞ ስብሰባ ነው፣ ዓርብ ሰው የለም። ለቤተሰብም «ሊሳካ ነው» አትበሉ። እናት «ምን ደረሰልህ?» ስትል መልስ ከማጣት የባሰ ነገር አላየሁም።

አሁን ማታ ማታ ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ክፍያው አይወራም። ከሰዓት የግቢያችን ባለቤት እትዬ ቡና ሲያፈሉ ግን አልቀርም። አንዴ «አንተ ልጅ፣ ፈረንጆቹን ምን ነበር የምትላቸው?» አሉኝ። የለመድኩትን ጀመርኩ። አፄ በካፋ ማንነታቸውን ደብቀው አገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙ። ያስታመመቻቸው ቆንጆ ምንትዋብ ነበረች። ንጉሡም...

እትዬ ሲኒውን ቁጭ አደረጉና «ውሸት! መቼ ታመሙና? ቆንጆ አይተው ነው የተኙት!»

በሳቅ ፈረስን። ከዚያ ወዲህ አቦሉ ላይ እኔ አወራለሁ፣ ቶናው ላይ እሳቸው ያርሙኛል። እቴጌዋ በልጃቸው በኢያሱ፣ ኋላም በልጅ ልጃቸው በኢዮአስ ዘመን አገር እንዳስተዳደሩ ስናገር «እሱስ ልክ ነው» ይሉኛል። እቴጌዋ ስላሠሩት ስለ ቁስቋም ግን አፌን እንድከፍት አይፈቅዱም። ደብራቸው ነው፤ እሳቸው ናቸው የሚያወሩት።

ፈረንጆቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ ፎቶ ያነሱ ነበር። አንድም ቀን የተከራከረኝ አልነበረም። ሥራዬን እንዲህ ወድጄው አላውቅም። (ቢመለሱ አልጠላም፤ ቲፑ በዶላር ነበር። የእትዬ ቲፕ ቆሎ ነው።)

ሰሞኑን የያዝነው የደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች ነው። በ1880 ዓ.ም ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይቺን ቤተ ክርስቲያን ንብ አዳናት ይባላል። ንቡ ከቅጥሩ ወጣ የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። እትዬ ደግሞ ከመቅደሱ ነው ብለው ድርቅ ብለዋል። ቅዳሜም አልተስማማንም።