ብርድ ላይ ለምትሠሩ፦ ከጃኬቱ በፊት ካልሲው

ዊንተር ሊገባ ሲል አዲስ የመጡ ልጆች ይደውሉልኛል። ኤርፖርት ሻንጣ መጫን የጀመረ አለ፣ ፓርኪንግ የያዘ አለ፣ በረዶ የሚጠርግም አለ። የሁሉም ጥያቄ ያው ነው፤ ምን ዓይነት ጃኬት ልግዛ? እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ጃኬት ችግር ሆኖ አያውቅም። ውጭ የሚሠራን ሰው የሚያሰቃየው እጅና እግር ነው፣ በተለይ እግር።

እኛ የለመድነው የአዲስ አበባን የኅዳር ብርድ ነው፤ ፀሐይ ወጣ ስትል ይለቃል። እዚህ ግን ጥር ላይ ፀሐይዋ ቦግ ብላ እየታየች ቴርሞሜትሩ ከዜሮ ፋራናይት ሊወርድ ይችላል፣ ያ ማለት በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 18 ነው። ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ በብርድ ሊጎዳ ይችላል።

ሰውነት ሲበርደው ቅድሚያ የሚሰጠው ለልብና ለሳንባ ነው። የእጅና የእግር ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ደሙ ወደ መሃል ይሰበሰባል። ስለዚህ ጣታችሁን ሲበርዳችሁ ጓንት መደረብ ብቻ አይበቃም፤ ኮፍያ አድርጉ፣ አንገታችሁን ሸፍኑ፣ ከውስጥ አንድ ሹራብ ጨምሩ።

ዋናው ጠላት ግን እርጥበት ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከራሳችን ላብ ነው። ሻንጣ ስትጭኑ እግራችሁ ያልበዋል። የጥጥ ካልሲ ያንን ላብ ጠጥቶ ይይዘዋል፣ ከዚያ ቀጣዩ አውሮፕላን እስኪመጣ ቆማችሁ ስትጠብቁ እዚያው ይቀዘቅዛል። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል አፍጥኖ ነው የሚወስደው። የበግ ሱፍ ካልሲ ግን ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። ውድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ከጃኬቱ ገንዘብ ቀንሳችሁም ቢሆን ግዙት።

ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርቦ ጠባብ ጫማ ውስጥ መጠቅጠቅ ደግሞ ይብሳል። ጣቶቻችሁን ማንቀሳቀስ ካቃታችሁ ደሙም አይዞርም፣ ሙቀት የሚይዘው አየርም ቦታ የለውም። ቦት ጫማ ስትገዙ ወፍራሙን ካልሲ አድርጋችሁ ለኩት፣ ገበሩ የሚወጣ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ ማታ አውጥታችሁ ታደርቁታላችሁ። ሂተር ላይ ግን አትለጥፉት።

እኔ ብሬክ (የሥራ እረፍት) ላይ መጀመሪያ የማደርገው ጫማ መፍታት ነው። ካልሲው ሲወልቅ እግሬ ነጣ ብሎ፣ ጣቶቼ ተጨማደው፣ የካልሲው ስፌት ቁርጭምጭሚቴ ላይ ታትሞ አገኘዋለሁ። በጣቶች መሃል ሳይቀር በፎጣ አደርቅና ሌላ ካልሲ አጠልቃለሁ፣ እርጥቡ ፌስታል ውስጥ ይገባል። ከቡናውም ከሻዩም በላይ የሚያሞቀኝ ይሄ ነው። ቆማችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሲሚንቶው ላይ ካርቶን ወይም ጣውላ ጣል አድርጋችሁ ቁሙበት፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃችኋል።

ለእጅ፣ ጣት ከጣት ከሚለየው ጓንት ይልቅ አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ይሻላል። ከውስጡ ስስ ጓንት ልበሱ። ዚፕ መዝጋት ወይም ወረቀት መለጠፍ ሲኖር የላዩን ብቻ አውልቁ፤ ባዶ እጅ የቀዘቀዘ ብረት ላይ ይጣበቃል። ቤንዚን የነካው ጓንት ወዲያው ይውለቅ፣ ከውሃ የባሰ ያቀዘቅዛልና። ትርፍ ጓንት በደረት ኪስ ያዙ። ከረጢቱ ሲከፈት የሚሞቀው የእጅ ማሞቂያም ጥሩ ነው፣ ግን ባዶ ቆዳ ላይ አይደረግም። ውስጡ ያለው የብረት ዱቄት የሚሞቀው አየር ሲያገኝ ስለሆነም፣ ጠባብ ጫማ ውስጥ ከከተታችሁት ብዙም አይሠራም።

አንድ ነገር አደራ። ጣታችሁ ሲያማችሁ ቆይቶ ሕመሙ በድንገት ከጠፋ፣ ተሻለኝ ብላችሁ አትቀጥሉ። መደንዘዝ ነው። ቆዳው ከነጣ ወይም እንደ ሰም ከሆነ ግቡ፤ አትሹት፣ በረዶ አታስነኩት፣ ሂተር ላይም አትደግኑት፣ ስለማይሰማችሁ ይቃጠላል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ቆዳው ከጠነከረ ወይም ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ቤት ሂዱ። አለቃው ምን ይለኛል ብላችሁ ይሉኝታ አይያዛችሁ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ እግራችሁ ሕመሙን ላይነግራችሁ ስለሚችል፣ በየብሬኩ ጫማችሁን አውልቃችሁ በዓይናችሁ እዩት።