ያገለገለች ትንሽ ሞተር ሳይክል ስገዛ ምን ምን አየሁ

ለከተማ የፈለግኩት ከ125 እስከ 200 ሲሲ የሆነች፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና የፕላስቲክ ሽፋን የሌላት ሞተር ሳይክል ነበር። እንዲህ ያለችው ክብደቷ ብዙ ጊዜ ከ150 ኪሎ አይበልጥም። መሪዋ ሰፊ ስለሆነ በመኪኖች መሃል ለመታጠፍ ትመቻለች፤ ብትወድቅም የሚሰበር ፕላስቲክ ጥቂት ነው። ለገዢ ደግሞ ሞተሩም ሻንሲውም ሳይሸፈን ይታያል።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙም አላመንኩትም። ቆጣሪ ይቀየራል፣ ይበላሻልም፤ ቢሠራ እንኳ መብራት ላይ ቆሞ የሚሠራ ሞተርን አይቆጥርም። በከተማ የምትነዳ ሞተር ሳይክል ቶሎ የሚያልቅባት ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚለየው)፣ የፍሬን ሸራና ካቴና ስለሆነ ትኩረቴ እዚያ ላይ ነበር።

ሻጩን በስልክ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ «እኔ ሳልደርስ እንዳያስነሷት።» እንደደረስኩም መጀመሪያ ሲሊንደሩን በእጄ ዳሰስኩ። ቀድሞ የሞቀ ሞተር ሕመሙን ይደብቃል። ስትነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት የሚያግደው የቫልቭ ጎማ አልቆ ነው። ጋዝ በተሰጠ ቁጥር የሚወጣ ከሆነ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ አልቋል፤ ይሄ ከባድ ወጪ ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ያሳያል፣ ከታፈነ የአየር ማጣሪያም ሊመጣ ስለሚችል ብዙ አያስደነግጥም። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ የብረት ኮሽኮሽታ ከሲሊንደሩ ጎን ከተሰማ የታይሚንግ ካቴናውን ወይም መወጠሪያውን ይጠርጥሩ። ከሞቀች በኋላ ጋዝ ሳይነካ በሚኒሞ፣ ማለትም በዝቅተኛ ዙር፣ ሳትጠፋ መሥራት አለባት። ባለ ካርቡሬተር ሆና ቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት የሚሳበው) ሲመለስ የምትጠፋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚኒሞዋ ቀጭን የነዳጅ ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ይሄ በማጽዳት የሚያልቅ ነገር ነው። በኢንጀክሽን የምትሠራ ከሆነች ቁልፍ ሲከፈት የሞተር ምልክት መብራቷ በርቶ፣ ስትነሳ መጥፋት አለበት። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አንድ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል።

መውደቋን የሚናገሩት የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታ ጫፎች፣ የመሪው ጫፍና የእግር መርገጫዎቹ ናቸው። እዚያ ያለ ጭረት ብቻውን አያስፈራም፤ ቆማም ብትወድቅ ይጫራል። የምፈራው መሪው ሙሉ ሲታጠፍ ሻንሲው ላይ የሚገታበትን ትንሽ ብረት ነው። ከተጣመመ ወይም ብየዳ ካለበት ከባድ ግጭት ደርሶባታል፤ እንደዚያ ያለችውን ርካሽም ብትሆን አልፌያታለሁ።

የፊት ጎማው ከመሬት እንዲነሳ አድርጌ መሪውን በሁለት ጣት ቀስ ብዬ ከግራ ወደ ቀኝ አዞርኩ። ልክ መሃል ላይ ሲደርስ እንደ መቆለፍ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ተጎድጉዷል፤ ቀጥ ብሎ ሲነዳ የሚመታው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ የሚበላውም እዚያ ነው። የፊት አሞርዛተሩን የሚያብረቀርቅ ዘንግ በጥፍር ወደ ታች ፋቅኩት። ጥፍር የሚይዝ የዝገት ጉድጓድ ካለ ፓራሊዮው (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ቢቀየርም ዘይት ማፍሰሱ አይቀርም።

ካቴናውን ከኋላው ባለ ጥርስ ክብ ብረት ጀርባ ይዤ ሳብኩት። የጥርሱ ግማሽ ከታየ ወይም ጥርሱ ወደ አንድ ጎን ከተቆለመመ ካቴናውና የፊቱም የኋላውም ባለ ጥርስ ብረቶች አብረው ነው የሚቀየሩት፤ አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ቶሎ ይበላል። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ፤ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥለቱ ሙሉ ሆኖ የደረቀ ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ ይከዳል።

ቮልት የሚለካ ቴስተር ይዤ ሄጃለሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ ሞተሩ ተነስቶ ጋዝ ሲሰጥ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5። ከ13 ካላለፈ ቻርጅ አይደረግም፤ ከ15 በላይ ከወጣ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቶ ባትሪውን እያቃጠለ ነው።

ለሙከራ ስነዳት በከፍተኛ ማርሽ ቀስ እያልኩ ሄጄ ጋዙን በአንዴ ከፈትኩ። የሞተሩ ድምፅ ሽቅብ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የፍሪሲዮኑ ሸራ ላያልቅም ይችላል፤ ገመዱ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ወይም የመኪና ዘይት ከተሞላባት እንዲሁ ታደርጋለች። የእነዚህ ሞተሮች ፍሪሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ጣሳው ላይ ጄኤኤስኦ ኤምኤ (JASO MA) የሚል፣ ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን የሚሆን ዘይት ያስፈልጋል።

የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከብረቱ ላይ እራሴ አንብቤ ከሊብሬው ጋር አመሳከርኩ። የተፋቀ ወይም መስመሩ የተዛባ ፊደል ካለ ድርድር የለም። የቀረውን፣ ካቴና፣ ጎማና የፍሬን ሸራን፣ በወረቀት ደምሬ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስ ጠየቅኩ። ሻጮች «ርካሽ ናት» ሲባሉ ይቆጣሉ፤ ዝርዝር ሲያዩ ግን ይደራደራሉ።

እንደገዛሁ የሞተር ዘይቱን፣ የፍሬን ዘይቱንና ካንዴላውን ቀየርኩ። የሞተር ዘይት ሲፈስ ሞቅ ያለ መሆን አለበት፤ የሚገባውም ብዙ ጊዜ 1 ሊትር አካባቢ ስለሆነ ትንሽ መጉደሉ እንኳ ይጎዳል። ከፈሰሰው ዘይት ውስጥ ማግኔት አስገብቼ አወጣሁ፦ እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ነገር የተለመደ ነው፣ በጣት የሚለቀም ብልጭልጭ ስብርባሪ ከወጣ ግን ሞተሩ መከፈት አለበት።