ከላቦራቶሪው ውጤት ቀድሞ የገባው ማስታወቂያችን

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ከሆስፒታል ለወጡ ሕሙማን ቤታቸው ድረስ ነርስና ፊዚዮቴራፒስት በሚልክ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ከሐኪሞች ጋር የመገናኘት ሥራ እሠራ ነበር። ሕመምተኛ ወደ እኛ የሚመጣው በአብዛኛው ሐኪሙ ሲልከው በመሆኑ፣ ክሊኒኮች ስማችንን ካላወቁ ሥራ የለንም። በዚህ አገር ሪፈራል፣ የላቦራቶሪ ውጤትና የመድኃኒት ማደሻ ጥያቄ ዛሬም በፋክስ ስለሚመላለስ፣ እኛም ማስታወቂያችንን በዚያው መንገድ ለመላክ ወሰንን።

ቁጥሮቹን ማግኘት አላስቸገረንም። የፌዴራል መንግሥቱ ለጤና ባለሙያዎች መለያ ቁጥር የሚሰጥበት መዝገብ ለማንም ክፍት ሲሆን፣ ከሥራ አድራሻቸው ጋር የፋክስ ቁጥርም ይዟል። ከዚያ 312 ቁጥሮች መረጥሁ። ማስታወቂያው በደማቅ ሰማያዊ መደብ ላይ በነጭ ፊደል የተጻፈ ነበር። ሰኞ ጠዋት፣ ክሊኒኮች ሥራ በሚጀምሩበት ሰዓት ላክሁት።

በዚያው ሳምንት ከእነዚህ ክሊኒኮች ወደ አንዱ ሄድሁ። የቢሮው ኃላፊ በእናቴ ዕድሜ የሚሆኑ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይህ የእናንተ ነው?» አሉኝ። ሰማያዊው መደብ በፋክስ ሲወጣ ከሰል መስሏል፤ ፊደሎቹ ተውጠዋል፤ ወደ ታች ደግሞ ቀለሙ እየሳሳ ሄዶ ግርጌው ላይ በነጭ መስመሮች ተቆራርጧል። የማሽኑ ቶነር (የማተሚያው ቀለም) ቀድሞውንም እያለቀ ስለነበር የቀረውን የጨረሰው የእኛ ገጽ ነው። ማሽኑ ከዚያ በኋላ የመጡትን ፋክሶች ማተም ትቶ በማኅደረ ትውስታው ያዛቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ቶነሩ ሲቀየር ከወጡት ገጾች አንዱ፣ ፖታሲየማቸው ከፍ ማለት የጀመረ የኩላሊት ሕመምተኛ የደም ውጤት ነበር። ፖታሲየም ከመጠን ሲያልፍ የልብን ምት ያዛባል። ሐኪሙ ወዲያው ደውለው አስጠርተዋቸዋል፤ ደኅናም ናቸው። ሴትዮዋ ድምፃቸውን ሳያነሡ «ይህ ማሽን ሲጮህ ሕመምተኛ ነው ብለን ነው የምንሮጠው» አሉኝ። ያን ዕለት ስለ አገልግሎታችን አንድም ቃል ሳልናገር ወጣሁ።

አለቃዬ ጉዳዩን ስነግረው መጀመሪያ የመለሰልኝ ቁጥሮቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው ብሎ ነው። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያው አምን ነበር። ሕጉን ቁጭ ብለን ስናነብ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው፣ በ2005 የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ የማስታወቂያ ፋክስ ለመላክ የተቀባዩን ፈቃድ ወይም ቀድሞ የነበረ የሥራ ግንኙነትን እንደሚጠይቅ አየን፤ ግንኙነቱ ቢኖር እንኳ ተቀባዩ መላኩን ማስቆም የሚችልበት መንገድ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። እኛ ከሦስቱ አንዱንም አላሟላንም። ካሳው ለአንድ ሕገወጥ ፋክስ 500 ዶላር ነው፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ ፍርድ ቤት እስከ 1,500 ሊያደርሰው ይችላል። ለ312 ፋክስ በትንሹ 156,000 ዶላር መሆኑን አለቃዬ ራሱ በወረቀት አባዝቶ አየው። ከባልደረቦቻችን አንዷ ማስታወቂያ እንዳይባል ነፃ የምሳ ሥልጠና ብለን ብንልከውስ ብላ ነበር፤ ሆኖም በዌስት ቨርጂኒያ አንድ ክሊኒክ በነፃ ስለሚታደል የመድኃኒት ማውጫ በደረሰው ፋክስ ምክንያት የከፈተው ክስ እ.ኤ.አ. በ2019 እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መድረሱን ስናነብ ሐሳቡን ተውነው። ለእኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ሁለት ሰዓት የዘገየው የደም ውጤት ነበር እንቅልፍ የነሣኝ።

ወደ ክሊኒኮቹ አንድ በአንድ ደውለን ይቅርታ ጠየቅን፤ ወደፊት ለመላክም ፈቃዳቸውን ጠየቅን። የፈቀደውን ሰው ስምና ቀን መዘገብን። አሁን የምንልከው ጥቁር ፊደል ያለበት አንድ ነጭ ገጽ ብቻ ነው፤ የምንልከውም ከሥራ ሰዓት በኋላ ነው። አቁሙ ላለን ሕጉ እስከ 30 ቀን ቢሰጠንም በዕለቱ እናወጣዋለን። የእኒያ እናት ክሊኒክ ከፈቀዱት መካከል የለም። «የምትነግረኝ ነገር ሲኖር ራስህ ና» ብለውኛል፤ በየሦስት ወሩ ወረቀቴን ይዤ በእግሬ እሄዳለሁ።