ቡና የማትጠጣ ሐበሻ፣ ስለ ድንጋይና ስለ እምነት

ፕሮቮ፣ ዩታ ስትመጡ ወደ ተራሮቹ ቀና በሉ። ጎናቸው ላይ ደረጃ የመሰለ መስመር ታያላችሁ። የሐይቅ ዳርቻ ነበር። ቦነቪል የሚባል ሐይቅ ሸለቆውን ሞልቶት ነበር፤ ጥልቅ ቦታው 300 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከ18 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ በሰሜን በኩል አይዳሆ ውስጥ ዳርቻው ተደርምሶ ውሃው በጎርፍ ወጣ። ታላቁ የጨው ሐይቅ የዚያ ቅሪት ነው። ዕድሜውን በደለሉ ውስጥ በተቀበሩ የቀንድ አውጣ ዛጎሎች እንለካለን።

ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት። እሁድ እሁድ ደግሞ በዋርዳችን፣ ማለትም በአጥቢያችን፣ ወጣቶችን አስተምራለሁ። አዎ፣ ሐበሻ ሞርሞን፣ ማለትም የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ምእመን። አለን።

ባለፈው አንድ ልጅ «ምድር 7 ሺህ ዓመቷ ነው አይደል?» አለኝ። ከሜዳ አላመጣውም። «ትምህርትና ቃል ኪዳኖች» በሚባለው መጽሐፋችን ክፍል 77 ስለ ምድር 7 ሺህ ዓመታት ይናገራል። ከዚያ ተነስቶ የሚቆጥር ምእመን ሞልቷል።

የ1931ን ነገር ነገርኩት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሁለት መሪዎች፣ ቢ. ኤች. ሮበርትስና ጆሴፍ ፊልዲንግ ስሚዝ፣ ከአዳም በፊት ሞት ነበር ወይስ አልነበረም ብለው ተከራከሩ። የበላይ አመራሩ ለአንዱም አልፈረደም። ጂኦሎጂን፣ ባዮሎጂን፣ አርኪዮሎጂንና አንትሮፖሎጂን ለተመራማሪዎች ተዉላቸው፣ የእኛ ሥራ የነፍስ መዳን ነው አለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ጄምስ ታልሜጅ፣ ሐዋርያም (እኛ ጋ ከከፍተኛ መሪዎች አንዱ ማለት ነው) ጂኦሎጂስትም የነበረው ሰውዬ፣ ሶልት ሌክ ታበርናክል በሚባለው የቤተክርስቲያኗ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ዕፅዋትና እንስሳት ከሰው በፊት ለረጅም ዘመን ኖረው ሞተዋል ብሎ ሰበከ።

ነገሩ ግን በዚህ አልበረደም። ስሚዝ በ1954 ኢቮሉሽንን የሚቃወም መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1970 ደግሞ የቤተክርስቲያኗ ፕሬዚዳንት ሆነ። የእኛው ምእመን የነበረው ኬሚስት ሄንሪ አይሪንግ ፊት ለፊት አልስማማም አለው። አይሪንግ የኬሚካል ግብረ መልስ ፍጥነትን የሚያስረዳ ቲዎሪውን በ1935 ያወጣ ሰው ነው፤ ኬሚስትሪ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። እውነት ያልሆነን ነገር እንዲያምን ሃይማኖቱ እንደማያስገድደው ከአባቱ ሰምቻለሁ ይል ነበር። ካረጀ በኋላም በየዓመቱ ከተማሪዎቹ ጋር ሩጫ ይወዳደር ነበር። የሐበሻ ደም ሳይኖርበት አይቀርም።

ስለዚህ የምድር ዕድሜ እንቅልፍ አይነሳኝም። ቡና እንኳን የበለጠ ያከራክረኛል። በ1833 የተሰጠ «የጥበብ ቃል» የሚባል ሕግ አለን፤ ቡናና ሻይ ክልክል ነው። እናቴ በስልክ «አንቺ ልጅ፣ ቡና ትተሽ ምን ቀረሽ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ጀበና ሲንተከተክ ሆዴ ይባባል። የሚያናድደኝ ግን ሕጉን በሳይንስ ለማስደገፍ የሚሯሯጡ ሰዎች ናቸው። ካፌይን እንዲህ ያደርጋል፣ ጥናት እንዲህ አለ ይላሉ። ተዉ! ቡናን በልክ መጠጣት ጤናን ይጎዳል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም። እናቴ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የማትበላው ኮሌስትሮል ፈርታ ነው? እኔም ቡና የተውኩት ቃል ስለገባሁ ነው፣ በቃ።

ከባዱ ሌላ ነው። ከቅዱሳት መጻሕፍታችን አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሞርሞን ከክርስቶስ ልደት 600 ዓመት ገደማ በፊት ከኢየሩሳሌም ተነስቶ አሜሪካ ስለገባ ቤተሰብ ይተርካል። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዲኤንኤ ግን በዋናነት ወደ እስያ፣ ወደ ሳይቤሪያ አካባቢ ነው የሚወስደን። የመጽሐፉ መግቢያ እነዚያን ስደተኞች የነባር ሕዝቦቹ ዋነኛ አባቶች ይላቸው ነበር፤ በ2006 ተለውጦ ከአባቶቻቸው መካከል ናቸው ተባለ። በ2014 ቤተክርስቲያኗ ባወጣችው ጽሑፍ ደግሞ የጥቂት ሰዎች ዘረ መል በትልቅ ሕዝብ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል የሚል መልስ አለ።

ይችላል፤ ባዮሎጂው ትክክል ነው። ችግሩ፣ ምንም ዱካ ባይገኝም የማይወድቅ መልስ መሆኑ ነው። በሥራዬ ላይ እንዲህ ያለ መላምት ቢቀርብልኝ በምን ልትፈትነው ነው ብዬ እመልሰዋለሁ። እሁድ ስለሆነ ብቻ አልቀበለውም። እዚያው መጽሐፈ ሞርሞን ውስጥ፣ አልማ በሚባለው ክፍል ምዕራፍ 32 ላይ፣ ቃሉን እንደ ዘር ዝሩትና ሞክሩት የሚል አለ፤ ሚሲዮናውያን ይህን «ሳይንሳዊ ሙከራ» ማለት ይወዳሉ። አይደለም። ማነጻጸሪያ የለውም፣ ያልበቀለለትንም ሰው የሚመዘግብ የለም። እኔ ግን ሞክሬው በቅሎልኛል። ስጸልይ የሚሰማኝን ለላብራቶሪ ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም፣ አልክደውምም።

ልጆቹ ስለ ዲኤንኤ ሲጠይቁኝ መረጃው ወደ እስያ ያመለክታል እላቸዋለሁ። አንድ አባት ይህን ሰምቶ ከትምህርቱ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘኝ። የልጆቹን እምነት ታናጊያለሽ አለኝ። ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል፣ ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከማያምን ሰው ከሚሰሙት አልኩት። አልተስማማንም። ልጁን ግን አሁንም እኔ ክፍል ይልካታል፤ እሷ ደግሞ በሚቀጥለው እሁድ ስለ ዳይኖሰር ልትጠይቀኝ ቀጠሮ ይዛለች።